ሳናለማምድ የሸኘናቸው ልጆች

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ልጆች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ወቀሳው በመምህሩ፣ በመጽሐፉ፣ በኩረጃው ላይ ወረደ። ሁሉም እውነትነት አለው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ከዳንግላና ከእንጅባራ አጥንተው ሄደው፣ የሚያውቁትን አዳራሽ ውስጥ ያጡት ልጆች ጉዳይ ነው።

«አውቀው ነበር እኮ፤ ጠፋብኝ» አሉን። «ብታውቀው መች ይጠፋሃል!» ብለን አፋቸውን አስያዝናቸው።

ልጆቹ እውነታቸውን ነበር። ሰው ሲጨነቅ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫሉ። የትዝታ ማኅደር የሆነው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ ይህን መሰል ሆርሞን ተቀባይ እንደሆነ የአንጎል ተመራማሪው ብሩስ ማክዌን እ.ኤ.አ. በ1968 በአይጦች ላይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ደግሞ ሰዎች ቃላት ካጠኑ ከአንድ ቀን በኋላ፣ ሊጠየቁ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው ሰውነት ውስጥ ወደ ኮርቲሶል የሚለወጥ የኮርቲዞን ክኒን ሲውጡ ማስታወስ ከበዳቸው። ዕውቀቱ አልተፋቀም፤ መውጫው ነው የተዘጋው። ተፈታኟ ጥያቄ ቁጥር 1ን ደጋግማ ታነባለች፤ ፊደሉ ይታያታል፣ ነገሩ አይገባትም። የመዳፏ ላብ ወረቀቱን ያርሰዋል። መልሱ የሚመጣላት ከአዳራሹ ከወጣች በኋላ ነው።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ከቤተሰብ ርቀው፣ በፖሊስ ጥበቃ እንደሚሰጥ ከወራት በፊት ሰምተናል። ታዲያ ምን አደረግን? «ሸምድዱ» አልን። ሲሄዱም «አደራ፣ እንዳታሳፍሩን» ብለን ጭንቀት ጨመርንባቸው። ደብተር ዘግተው ያጠኑትን ከራሳቸው እንዲያወጡ ደጋግመን ብናሠራቸው ኖሮ ጭንቀቱ ያን ያህል ባልጎዳቸው፤ የአሜሪካው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያረጋገጡት ይህንኑ ነው። በማያውቁት ክፍል፣ በማያውቁት ፈታኝ ፊት፣ ሰዓት ተይዞ የሙከራ ፈተና መስጠትስ ምን ያስወጣ ነበር? አንድ ክፍልና አንድ ቅዳሜ።

በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲወጡ፣ ፈረሱን ከግርግር ሳያለማምድ ሜዳ የሚያስገባ ጋላቢ የለም። ለፈረስ የምናውቀውን ለልጆቻችን ነፈግናቸው።

በ2015 መጨረሻ የአማራ ክልል ወደ ጦርነት ገባ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ዛሬ ልጅን ለፈተና ከማለማመድ በፊት የትምህርት ቤቱን በር ማስከፈት ይቀድማል። ያኔ በሩ ክፍት ነበር፤ መምህሩም ተማሪውም ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሁሉ በእጃችን ሳለ አለማድረጋችን ነው የሚቆጨኝ።