ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የሚቀር መብት



ሰፈራችን ቡልጋሪያ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደኛ የሚመጡ እንግዶች በዝተዋል። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በመተማ ገብተው እዚህ የደረሱ አሉ፤ የመናውያንና ኤርትራውያን ቀድመውም ነበሩ። የሚጠይቁን ገንዘብ ብቻ ይመስላችኋል? ብዙዎቹ የሚፈልጉት ጤና ጣቢያ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ነው።

ሕጉ አልዘጋባቸውም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 እውቅና ያገኘ ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የቲቢ ሕክምና ደግሞ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ይህን የማታውቅ እናት ግን መስኮቱ ላይ «የቀበሌ መታወቂያ» ስትባል የስደተኛ ወረቀቷን አጥፋ ዝም ብላ ትመለሳለች።

በቅርቡ አንዲት ሱዳናዊት እህታችን ዓመት የሞላው ልጇን አቅፋ መጣች። «ዊርዳ አለበት» አለችን። በመድረሳ በቀራነው ዐረብኛ ዊርድ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የዘወትር ዚክር ነው። እሷ እጇን የልጁ ግንባር ላይ አደረገች፤ ለካ ትኩሳት ማለቷ ነው! የኪታብ ዐረብኛና የሱዳን ቤት ዐረብኛ እንዲህ ይራራቃሉ። ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን። ነርሷ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ እኛ በኪታብ ቋንቋ እናደርሳለን፣ እናትየው ግማሹን በአፏ ግማሹን በእጇ ትመልሳለች። ልጁ መድኃኒት ተሰጠው። በዘጠኝ ወሩ መውሰድ የነበረበትን የኩፍኝ ክትባት እንዳልወሰደ የታወቀውም በዚህ መሃል ነው።

ከትኩሳቱ ይልቅ ያስደነገጠን ይህ ነው። የአንድ ግቢ ተከራይ ልጆች አብረው ይውላሉ፤ ኩፍኝ ደግሞ ስደተኛና አገሬ ብሎ አይለይም። ካዛንቺስ በ2017 ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ተከራዩ ተበታትኗል፤ ካርዱ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ቤቱ ሌላ ክፍለ ከተማ የሆነበት ሰው ብዙ ነው።

የነጃሺን ታሪክ በየመድረኩ እናወሳለን፤ ደስም ይለናል። ዛሬ የመጣው እንግዳ ደግሞ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» የሚለውን የሚተረጉምለት አጥቷል።

ዐረብኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ትግርኛ የምትችሉ ወጣቶች፣ በሳምንት አንድ ጠዋት ካላችሁ ከዐስር በኋላ ብቅ በሉ። እህቶች በተለይ ያስፈልጉናል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ለወንድ አስተርጓሚ የማትነግረው ብዙ ነገር አለ። የልጁ የክትባት ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው።