ርክርክ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፒያኖ ነው። አዎ፣ ስለ ፒያኖ። «አንቺን ደግሞ ከፒያኖ ምን አገናኘሽ?» እንዳትሉኝ፤ እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንዲት ጠበብ ያለች አዳራሽ ውስጥ የብቸኛ ፒያኖ ኮንሰርት ነበር። ብቸኛ ስላችሁ የምር ብቸኛ! ድምፃዊ የለ፣ ባንድ የለ፣ ተወዛዋዥ የለ። መድረኩ ላይ አንድ ጥቁር ፒያኖ ክዳኑን ከፍቶ ቆሟል፤ በቃ። አብራኝ የመጣችው ጓደኛዬ ዙሪያዋን ቃኘት አደረገችና «ዘፋኙ የታለ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የለም።»

«እና ማንን ልናይ ነው የመጣነው?»

ሳቄ መጣ። መልስ ግን አልነበረኝም።

ፒያኒስቱ ወጣት ነው፤ በእኛ ዕድሜ ያለ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ተቀመጠ። ፕሮግራሙ ለሁለት የተከፈለ ነው። መጀመሪያ የቆዩት የፈረንጅ ሥራዎች፣ ሾፓንና ሹማን። ከእረፍት በኋላ ደግሞ የእኛዎቹ፣ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩና ግርማ ይፍራሸዋ።

ሾፓን ፖላንዳዊ ነው። በ1830 እ.ኤ.አ. በ20 ዓመቱ ከዋርሶ እንደወጣ አገሩን ዳግም ሳያይ በ1849 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ሬሳው እዚያው ተቀበረ፤ ልቡን ግን እህቱ ይዛለት ወደ ዋርሶ ተመለሰች፤ ዛሬም አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ምሰሶ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን አንብቤ ነው የሄድኩት። እናም ያ ልጅ ኖክተርን የሚሏቸውን የሌሊት ዜማዎች መጫወት ሲጀምር ከጣቶቹ ይልቅ የምትታየኝ የወንድሟን ልብ ይዛ ድንበር የምታቋርጠው ሴትዮ ሆነች።

አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ዝም አለ። አለቀ ብዬ አጨበጨብኩ። ብቻዬን! ለካ ትንፋሽ መውሰጃ ኖሯል። የፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሰዎች ዞር ብለው ሲያዩኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጓደኛዬማ በነጠላዋ አፏን ይዛ ስትንፈቀፈቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በጆሮዬ ብቻ መከተል ጀመርኩ። ያኔ ነው የሰማሁት። ሁለት ጎረቤታም ቁልፎች እየተፈራረቁ የሚርገበገቡበት ቦታ አለ። ባለሙያዎቹ ትሪል ይሉታል። እኔ ግን ሳላስበው በሆዴ «ርክርክ!» አልኩ።

ቃሉ ከየት እንደመጣ እንድታውቁ ትንሽ ወደ አገሬ ልውሰዳችሁ።

እኔ የወረታ ልጅ ነኝ። ሩዝ የምናመርተው፣ ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ውሃ የሚያደርጉብን የፎገራ ሰዎች። የእናቴ አባት ግን ከሜዳው ወጣ ብሎ፣ አዲስ ዘመን አጠገብ፣ ጣራ ገዳም ግርጌ ነው የሚኖረው። ጣራ ገዳምን የማታውቁት ካላችሁ፣ ገዳሙን የከበበ የወይራና የጽድ ደን ያለበት ተራራ ነው። አያቴ መሪጌታ ናቸው። ከርክርክ፣ ከድፋት፣ ከጭረት ጋር ያስተዋወቁኝ እሳቸው ናቸው፤ ከዜማው ፊደል በላይ የምትጻፉ ምልክቶች ናቸው። ርክርክ ሲደርስ ድምፃቸው እንደ ቅጠል ይርገበገባል፤ እኔ ደግሞ እስቃለሁ። ልጅ ነበርኩ።

ጋዜጠኝነት ተምሬ ስመረቅ አያቴ «እውነት ጻፊ» ብለው መረቁኝ። እኔ ደግሞ የምጽፈው ስለ ሙዚቃ እንደሆነ ደበቅኳቸው። ለእሳቸው ሙዚቃ ዘፈን ነው፤ ዘፈን ደግሞ ኃጢአት ነው። «ምን ትጽፊያለሽ?» ሲሉኝ «ዜና» እላለሁ። እውነት ጻፊ ላሉኝ ሰው ውሸት!

በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ አገር ቤት ሄድኩ። እማሆይ ጽጌማርያም በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ካረፉ ገና ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። ስልኬ ላይ የእሳቸው ሥራዎች ነበሩ። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ አያቴ በረንዳው ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

«አባየ፣ አንድ ነገር ላሰማዎት?»

«ዘፈን ነው?»

«መነኩሲት ናቸው የሚጫወቱት።»

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ላይ የማነበው ነገር አጣሁ፤ ጣታቸው ግን መቋሚያው ላይ ትንቀሳቀሳለች። ትንሽ ቆይተው «ርክርክ ነው ይኸ» አሉ። ደግሞ ቆይተው «ዜማ ያውቃሉ፤ ተምረዋል» አሉ።

ነገርኳቸው። በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት መላካቸውን፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ጣሊያን አገር መታሰራቸውን፣ ካይሮ ሙዚቃ ማጥናታቸውን፣ ከዚያ ሁሉንም ትተው ግሸን ማርያም ገብተው መመንኮሳቸውን። በኋላ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ጎንደር ሲኖሩ ደግሞ የቆሎ ተማሪዎች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሜዳ ላይ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ብቻ ነበር። ጀርመን አገር ሸክላ አሳትመው ገቢውን ለእነዚያ ልጆች አዋሉት።

አያቴ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ። እሳቸውም በልጅነታቸው አቋቋም ሊማሩ ጎንደር ነበሩ፤ በዚያው ዘመን።

«ውጭ ነበር የምናድረው» አሉ። «ቁራሽ ስንለምን ማን ሰጠን ብለን አንጠይቅም፤ የሰጠን እግዜር ነው እንል ነበር።»

እማሆይ ለአያቴ ሰጥተዋቸው ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም፤ እንዲያ ነበር ብዬ ታሪክ አልፈጥርም። ግን አያቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ደኑን ሲያዩ ቆዩና እስካሁን የማይለቀኝን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«እሳቸው አረፉ። እንግዲህ ለተማሪው ማን ይመታለታል?»

ያን ቀን ስለ ሙዚቃ እንደምጽፍ ነገርኳቸው። «እውነት ከሆነ ጻፊው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ ወዲህ መንገዱ እንደ ልብ አልሆነልኝም፤ አያቴን ሳላያቸው ፋሲካ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። የምንገናኘው በስልክ ነው፤ እሱም ኔትወርክ ሲፈቅድ።

እንግዲህ ከእረፍት በኋላ ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ልጁ የእማሆይን ሥራ ጀመረ። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቤት አልባው ተንከራታች» እንደማለት ነው። ምቱን በእግር እየመታችሁ ልትከተሉት አትችሉም፤ እንደ እንጉርጉሮ ሲፈልግ ይሮጣል፣ ሲፈልግ ይቆማል። ቤት አልባ! ደጀ ሰላም የሚያድሩት ልጆች ታዩኝ። ርክርኩም መጣ። ከሾፓን ርክርክ ጋር ያላቸው ልዩነት የአንድ መቶ ዓመት ነው፤ ለጆሮዬ ግን ሁለቱም የአያቴ ድምፅ ነበሩ።

የመጨረሻው የግርማ ይፍራሸዋ «ባለዋሽንቱ እረኛ» ነበር። ግርማ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነስቶ ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ነው። ሰማኒያ ስምንት ቁልፍ ያለው የፈረንጅ መሣሪያ እንዴት አራት ቀዳዳ ያላትን ዋሽንት እንደሚሆን እኔ እንጃ! የፎገራ ከብት፣ ሜዳው፣ አመሻሹ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ገባ። ሲያልቅ አላጨበጨብኩም። ሌሎቹ ቀደሙኝ። ጓደኛዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ዘፋኙንማ አገኘሁት» አለችኝ።

በማግስቱ እሁድ አያቴ ጋ ደወልኩ፤ ደግነቱ ሠራልኝ። የሰማሁትን ሁሉ ተረኩላቸው፤ የእማሆይንም።

«ሰው መጥቶ ነበር?»

«ሞልቶ ነበር አባየ።»

«ለተማሪውስ?»

አፈርኩ። ለመኪና፣ ለማኪያቶ፣ ለትኬት አውጥቻለሁ፤ ለተማሪው ግን... ስልኩን ዘግቼ የትኬቴን ያህል ላክሁላቸው። ቁጥሩን አልነግራችሁም፤ ያሳፍራል። ጣራ ገዳም አካባቢ ላሉ ልጆች ሳሙናም ይሁን ደብተር ይገዛል።

እኔ የምለው፣ ወገን፣ እማሆይን ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ያልናቸው ስንት ነን? ሥራቸው በየኮንሰርቱ ይመታል፤ እናጨበጭባለን፤ ያልቅሳል ያለቀሰ። የተሠሩበት ምክንያት ግን ከአዳራሹ በር ውጭ ቀርቷል። ቀጣዩን ኮንሰርት ለምታዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ፤ በሩ ላይ አንዲት ሙዳየ ምጽዋት አስቀምጡ። ላጨበጭብ ስፈልግ መጀመሪያ እጄ ወደዚያ ይሂድ።

ቸር ይግጠመን!