ልጆችን ይዞ ወደ ውጭ አገር መሄድ፤ በአራዳ ላይ የተሠራ ሒሳብ

አንድ ቤተ ሰብ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ሲሰናዳ አስቀድሞ የሚጠይቀው የአውሮፕላኑን ዋጋና የቤቱን ኪራይ ነው። የልጆቹ ትምህርት የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ሻንጣው ከታሰረ በኋላ ነው። እኛም በዚህ ስሕተት ለመውደቅ ጥቂት ቀርቶን ነበርና፣ ከዚያ የመለሰንን የአንድ ቅዳሜ የእግር ጉዞ ለውድ አንባብያን ልንተርክ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ ከባልና ሚስቱ ለአንዳችን በናይሮቢ የሁለት ዓመት ሥራ ተገኘ። ልጆቻችን ሁለት ናቸው። የቅጥሩ ደብዳቤ «ለልጆች ትምህርት እርዳታ ይደረጋል» ይላል እንጂ መጠኑን አይናገርም። ከዚያው ከተማ ከአንድ ተማሪ ቤት የመጣልን ወረቀትም የዓመቱን ክፍያ ብቻ የሚገልጥ ስለ ነበረ ደስ ብሎን ነበር። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ወረቀት ደረሰን፤ በእርሱ ላይ የተዘረዘረውን ባነበብን ጊዜ ግን ደስታችን ወደ ጭንቀት ተለወጠ። ስለዚህ ልጆቹን ለአያታቸው ትተን፣ ተወልደን ባደግንባት በአራዳ እየተዘዋወርን ልንመክር ወጣን።

ጉዟችንን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀመርን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማው ዋና ገበያ የሚቆመው በዚሁ አካባቢ ነበር፤ ኢጣሊያኖች በወረራቸው ጊዜ ገበያውን ወደ መርካቶ ሲያዛውሩ፣ ፒያሳ የሚለው ስም ግን ከእነርሱ ቀረ። በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የንጉሠ ነገሥቱ ሐውልትም በወራሪው ተነሥቶ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚሁ ሰፈር ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ከአሮጌዎቹ ቤቶች እጅግ ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪው በየአቅጣጫው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አንዲት የቀድሞ ጎረቤታችንን አገኘናቸው። ሰፈር ቢለውጡም ለመሳለም መምጣታቸውን አልተዉም። ስለ ልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ብንጠይቃቸው፣ «ተማሪ ቤታቸውን አልለወጥንም፤ ክፍያውም ያው ነው። የጨረሰን መንገዱ ነው፣ ልጆቼ» አሉን። ሄደን ያላየነውን የናይሮቢን ነገር እኒህ እናት በአንድ ቃል አስረዱን። የተማሪ ቤት ዋጋ በወረቀቱ ራስጌ የተጻፈው ቁጥር ብቻ አይደለም።

ከዚያ ቁልቁል ወረድን። ልጆች ከባዕድ አገር መጥተው የኖሩበትን ታሪክ ለሚፈልግ ሰው አራዳ ጥሩ መምህር ናት። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፣ ከእልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን በዚያ አይተው፣ ኑሯቸውንና የሙዚቃ ትምህርታቸውን ችለው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ያገለገለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። በአራዳ የኖሩት አርመኖችም የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያንና ተማሪ ቤት ሠርተዋል፤ ተማሪ ቤቱ ዛሬም የሚጠራው ገንዘቡን ባወጣው በነጋዴው በማቲግ ኬቮርኮፍ ስም ነው። ስደተኛ ሕዝብ የልጆቹን ቋንቋ ከወጪው መዝገብ ውስጥ እንዳልሰረዘ ልብ አልን።

ከቀሩት ቡና ቤቶች በአንዱ ገብተን ወረቀታችንን ዘረጋን። ለሌላ ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ፣ ቁጥሩን አጠጋግተን እንዲህ እናቀርበዋለን። ለአንድ ልጅ የዓመቱ ክፍያ 10,000 ዶላር ነው። ለመመዝገቢያና ለመግቢያ ፈተና የማይመለስ 300፣ ለሕንጻ ማሠሪያ 1,000፣ ለአውቶቡስ 1,200፣ ለምሳ 700፣ ለደንብ ልብስና ለመጻሕፍት 500 ይታከላል። ድምሩ 13,700 ሲሆን ለሁለቱ ልጆች 27,400 ይሆናል። እኛ በልባችን ይዘን የነበረው 20,000 ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት «እርዳታው ስንት ነው? የትኛውንስ ወጪ ይሸፍናል?» ብለን በጽሑፍ ጠየቅን። የዋናውን ክፍያ እኩሌታ እንጂ አውቶቡሱንም ምሳውንም እንደማይከፍል መለሰልን። እንግዲህ 10,000 በእርሱ፣ 17,400 በእኛ ላይ ሊወድቅ ነው። ይህ ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ብቻውን ሄዶ ሌሎቻችን እንድንቀር እስከ ማሰብ ደረስን፤ በዚያች ሌሊት በቤታችን እንቅልፍ የወሰደው ልጆቹን ብቻ ነው።

ዳሩ ግን ሒሳቡ ያስጨነቀንን ያህል መውጫውንም አሳየን። ስመ ጥሩውን ተማሪ ቤት ትተን፣ በዚያው በእንግሊዝ ሥርዓት የሚያስተምር ክፍያው 6,000 የሆነ ትንሽ ተማሪ ቤት አገኘን። ቤትም በእግር በሚደረስበት ስፍራ ፈለግን፤ ኪራዩ ከአውቶቡሱ ዋጋ የበለጠ እንዳይሆን ሁለቱን አብረን ደመርን። ከዋናው ክፍያ ሌላ ያለው ወጪ ለአንድ ልጅ 1,500 ስለ ሆነ፣ ለሁለቱ ጠቅላላው 15,000 ነው፤ ከዚህም 6,000 በአሠሪው፣ 9,000 በእኛ ይከፈላል። መለያየታችንም ቀረ።

ሌሎችም የተማርናቸው ነገሮች አሉ። ደመወዙ በምን ገንዘብ፣ ክፍያውስ በምን ገንዘብ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር አጠራቅሞ በዶላር ሊከፍል ያሰበ ሰው ዕቅዱ በአንድ ክረምት ፈረሰበት ማለት ነው። አገሩም ይለያያል። በአሜሪካ የሕዝብ ተማሪ ቤት ክፍያ ባይኖረውም፣ ጥሩ ተማሪ ቤት ባለበት ሰፈር የቤት ኪራይ ይወደዳል፤ በዱባይ ደግሞ አብዛኛው የውጭ አገር ሰው ልጁን የሚያስተምረው በግል ተማሪ ቤት ነው። የትምህርቱ ዘመን የሚጀመርበት ወርም ይታሰብ፤ በዓመት እኩሌታ የተነሣ ቤተ ሰብ በሁለት አገር ሊከፍል ይችላል። እኛ ጉዟችንን ወደ ነሐሴ ያዛወርነው ስለዚህ ነው።

ሊዘነጋ የማይገባው ሌላው ወጪ የመመለሻው ነው። ሥራው ለሁለት ዓመት ነው፤ ልጆቻችን ሲመለሱ ከእኩዮቻቸው ጋር አማርኛ ማንበብና መጻፍ ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ የፊደል ገበታና የየክፍሉን የአማርኛ መጻሕፍት ገዝተን፣ ከሳምንቱ ሁለት ሰዓት ለዚሁ ለይተን በወጪው ወረቀት ላይ ጻፍነው። ዋጋው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ቢረሳ ግን በኋላ በገንዘብ አይመለስም።

አባቶቻችን አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይገባል ይላሉ። ልጆቹን ይዞ የሚነሣ ወላጅ ሁሉ ከተማሪ ቤቱ ሙሉውን ዝርዝር፣ ከአሠሪውም ቁርጡን በጽሑፍ ሳይቀበል ቲኬት እንዳይገዛ እንመክራለን። እኛ ያን ቅዳሜ ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ታላቁ ልጃችን «እንሄዳለን ወይስ እንቀራለን?» ብሎ ጠየቀን። በዚያ ቀን የምንመልስለት አልነበረንም። ዛሬ ግን «አብረን እንሄዳለን» ብለነዋል።