ሩር የለመደ ክንድ

እናላችሁ ወዳጆቼ፣ መሐል ሜዳ ላይ ገና ሲመታ ያደገ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ ጎልፍ ሲጀምር ምን እንደሚገጥመው ላጫውታችሁ። አብሮ አደጌ ነው። እንጀራው የጎልፍ ተጫዋቾችን ዱላ መሸከም ነው፤ ሜዳው ጭር ሲል ደግሞ እሱም ይሞክራል። ታዲያ ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሣና መሀል መንገድ ላይ የረሳችው ዕቃ እንዳለ ሁሉ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ሁሌ! ጎልፈኞች «ስላይስ» ይሉታል።

አንድ ቀን ዱላውን የሚሸከምለት ሰውዬ «ይሄ የገጠር አመታት ነው፤ ገና መጫወት ካልተውክ አይለቅህም» አለው። ልጁ ደነገጠ። አባቱ በየዓመቱ ለገና ሜዳ ላይ የሚጠብቁት ሰው ናቸው። ያን ዓመት ሊቀር አሰበ። በገና ቀን ጌታም ሎሌም እኩል ዱላ ይይዛል ይባላል፤ እዚህ ግን ባለዱላና ዱላ ተሸካሚ አለ፣ ምን ይበል?

እኔ ነገሩ አልተዋጠልኝም። (የመንዝ ሰው አይደለሁ? ሳላጣራ አላድርም።) ስላይስ ገጠር ከተማ አያውቅም። ጀማሪው ዱላውን ወደ ኋላ አንሥቶ ሲመለስ፣ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ክንዱና ትከሻው ይቀድማሉ። ያኔ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግራ እየቆረጠ ይመጣል። የዱላው ፊት ደግሞ ከዚያ መንገድ አንጻር ወደ ቀኝ ተከፍቶ ይገናኛታል፤ እየጨረፈ ያሽከረክራታል፤ ሽክርክሪቱ አየር ላይ ወደ ቀኝ ይጎትታታል። የዋሁ ጀማሪ ይሄን ሲያይ ይበልጥ ወደ ግራ ዞሮ ይቆማል። ባሰበት! መንገዱ ይበልጥ ወደ ግራ ሲቆርጥ ሽክርክሪቱም ይጨምራል።

ገናስ? ሰው ከቦህ፣ ዱላ ከዱላ እየተጋጨ፣ ፈጥኖ መቁረጥ ግድ ነው። ከእንጨት የተጠረበችው ሩር ደግሞ መሬት ለመሬት ስለምትንከባለል ሽክርክሪቷን ሣሩና ጉብታው ይውጠዋል። ማን ያያል? ልማዱ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ግን የገና ዱላ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የቦሌ ልጅም እንዲሁ ነው የሚመታው።

(በነገራችን ላይ መሐል ሜዳ ከባህር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። እዚያ ጎልፍ ቢኖር ኳሷ ከአዲስ አበባ ይልቅ ርቃ ትበር፣ መታጠፏም ይቀንስ ነበር። ባለሀብቶች ትሰማላችሁ?)

ሕክምናው ርካሽ ነው፤ ውዱ ትዕግሥቱ ነው። የግራ እጁን ዱላው ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ቁልቁል ሲያይ ሁለት ሦስት የጣቱ አንጓ እስኪታየው። ከኳሷ በስተኋላ፣ ትንሽ ወደ ውጭ፣ ባዶ ሃይላንድ አስቀመጥን፤ ዱላው እሱን ከነካ መንገዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ሲመለስ መጀመሪያ ክብደት ወደ ግራ እግር፣ ቀኝ ክርን ወደ ጎን ጠጋ፣ ክንድ መጨረሻ። የመጀመሪያው ቀን ስንት ሃይላንድ እንደ ፈነዳ አትጠይቁኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ኳሷ መታጠፏን ረሳች።

ለገናም አብረን ወረድን። ሩሯ እግሩ ሥር ደረሰችለት። ልጁ ክብደት ወደ ግራ፣ ክርን ወደ ጎን እያለ ሲያስተካክል፣ አንድ የታች ሰፈር ጎረምሳ መትቷት እልም!

አባቱ ከዳር በርኖሳቸውን እየሰበሰቡ፣ «አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባ ገብተህ መምታት ረሳህ እንዴ?»