የሚቈጠር ዋንጫና የሚወሰድ ሰዓት

የሰርቢያው ተወላጅ ኖቫክ ጆኮቪች በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ 24ኛውን ታላቅ የቴኒስ ዋንጫ እንደ ወሰደ በራዲዮ በተነገረ ጊዜ፥ እኛ በድብ ባሕር የምንኖር ሰዎች ወሬውን እንደ ሩቅ አገር ተረት አደመጥነው። ከሊማሊሞ ቍልቍለት በታች ለሚኖር ሰው ቴኒስ እንግዳ ነገር ነውና። የልጆቻችን የጨርቅ ኳስ እንኳ አንድ ጊዜ ካመለጠች የምትመለሰው በስንት ልፋት ነው!

ነገር ግን ወሬው በቤታችን አንድ ክርክር አስነሣ። በቴኒስ ክብረ ወሰን ማለት ተቈጥሮ የሚደመር ሀብት ነው። አሜሪካዊው ፔት ሳምፕራስ የወሰዳቸው 14 ታላላቅ ዋንጫዎች፥ ሌሎች በቍጥር ከበለጡት በኋላም ያው 14 ናቸው፤ አንዱን እንኳ ሊቀንስበት የሚችል የለም። የእኛ ሯጮች ሀብት ግን እንዲህ አይደለም። በሰዓቱ መዝገብ ራስ ላይ የሚጻፈው አንድ ስም ብቻ ስለ ሆነ፥ ኋለኛው ሲመጣ ፊተኛው ቦታውን ይለቃል።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1990 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሄንግሎ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ሮጠ። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በኦስትራቫ ወደ 26 ደቂቃ ከ20.31 ሰከንድ አወረደው፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በብራስልስ ወደ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ። ይህም አንዱን ዙር በ63 ሰከንድ ያህል እየሮጡ 25 ጊዜ መዞር ማለት ነው። ከልጆቻችን አንዱ ይህን ፍጥነት ሊሞክር ተነሥቶ የአንድ ዙር ያህል እንደ ሮጠ ከመንገድ ዳር ቍጭ አለ፤ ለቀሩት 24ቱ ትንፋሽ አልተረፈውም።

ያ ሰዓት 15 ዓመት ቈይቶ በ2013 ዓ.ም. መስከረም የዑጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በቫሌንሲያ በ26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሻረው። በሜዳው ጠርዝ እየተከታተለ የሚበራ መብራት ፍጥነቱን ያመለክተው ነበር፤ ይህ ለእነ ኃይሌ ያልነበረ እርዳታ ነው። ልጃችን «ተወሰደብን!» ብሎ ራቱን ሳይበላ ተኛ። ቀነኒሳ ከኃይሌ በወሰደው ጊዜ ግን በዚህ ቤት ያዘነ ሰው አልነበረም፤ ከታላቅ ወደ ታናሽ እንደሚተላለፍ ርስት ቈጥረነው እልል ብለን ነበር። ርስት አልነበረም፤ እስከ ሌላው መምጫ ድረስ የተሰጠ አደራ ነው እንጂ። ሰዓት የማንንም ዘር አይጠይቅም። ይህን ለልጁ በማግሥቱ ብንነግረውም ብዙ አልተጽናናም።

ስለዚህ ከአንድ ዓመት በፊት በበርሊን የሆነውን አወሳንለት። ቀነኒሳ በ37 ዓመቱ፥ ብዙዎች ጊዜው አልፏል ባሉ ሰዓት፥ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ፈጽሞ አሸነፈ። የኬንያው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በዚያው ከተማ በዓመቱ በፊት ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ተሮጦ የጐደለው 2 ሰከንድ ብቻ ነው። ይህ ሩጫ በክብረ ወሰን መዝገብ አልገባም፤ ልጃችን ግን እስከ ዛሬ ደጋግመን እንድንነግረው የሚለምነን ይህንኑ ነው።