መሳቢያዬ ውስጥ የቆየው ፖስታ



ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ቢሮዬ ገባና በሩን ዘጋ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኩት፣ በእጄም ያጠመቅኩት ልጅ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። ከኪሱ ወፈር ያለ ፖስታ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«አሥራቴ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ከሌላው ጋር ሣጥኑ ውስጥ አልጨመርከውም?»

«ከየት እንደመጣ ሳልነግርዎት እንዲገባ ስላልፈለግኩ ነው፣ ፓስተር።»

ነገረኝ። የስልክ መሸጫ ሱቅ ውስጥ የነበረውን ሥራ ከለቀቀ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሌሊት ሌሊት ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ፖከር ይጫወታል። ኪራዩን የሚከፍለው፣ መኪናውን የሚነዳው፣ ለእናቱም የሚረዳው ከዚያ በሚያገኘው ነው። «ሰው በዚህ መኖር ይችላል ወይ ብለው አይጠይቁኝ፤ እየኖርኩበት ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ትቀበላለች?»

አፌን ለ«አይሆንም» ከፍቼ ነበር። ቀደመኝ።

«ከመመለስዎ በፊት አንድ ነገር ልበል። እናቴ ሃያ ዓመት በካዚኖ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጥፋለች። ሃያ ዓመት አሥራቷን ተቀብላችኋል። የእሷ ደሞዝ ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል?»

ዝም አልኩ። ፖስታውን መሳቢያዬ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩና «ጊዜ ስጠኝ» አልኩት።

የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ኔቫዳ ቁማርን በሕግ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ በኢንተርኔት የሚደረገውን ፖከር ደግሞ ከ2013 ጀምሮ። እዚህ ያለን ሐበሾች ታክሲ እንነዳለን፣ የእንግዶችን መኪና እናቆማለን፣ ክፍል እናጸዳለን፣ ወጥ ቤት እንሠራለን፤ ካርታ የሚያድሉም አሉ። የጉባኤያችን እንጀራ፣ በቀጥታም ይሁን በዙሪያ፣ ከዚያ መብራት ሥር የሚመጣ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ በዚህች ከተማ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ቁማር በግልጽ የሰበክሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በጥቅሉ። ስለ ዝሙትና ስለ ሐሜት ግን ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ! የልጁ ጥያቄ ያን ዝምታዬን ነበር የነካው።

ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት ልማር አልኩ። ሐሙስ ሐሙስ አብረን ምሳ እንድንበላና ሥራውን እንዲያስረዳኝ ተስማማን።

መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ትዕቢቴን ሰበረው። «ቁማር ነው፤ ዕድል ነው፤ በመጨረሻ ሁሉም ይከስራል» እል ነበር። በፖከር እንዲህ አይደለም። በካዚኖው ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ነው፤ ስሌቱም ለቤቱ የተሠራ ስለሆነ ብዙ በቆየ ቁጥር ይሸነፋል። በፖከር ግን ቤቱ አይጫወትም። ሰዎች እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ ቤቱ መሐል ላይ ከሚጠራቀመው ገንዘብ ትንሽ ትንሽ እየቆረጠ ይወስዳል። ስለዚህ ከሌሎቹ የተሻለ የሚያሰላ፣ የሚታገስና ሰውን የሚያነብ ተጫዋች በረዥም ጊዜ ሊያተርፍ ይችላል። በኢንተርኔት ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ጠረጴዛ ላይ መጫወት ስለሚቻል ችሎታው ቶሎ ይታያል። እንግዲህ በዚህ መኖር ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ሐቀኛው መልስ፦ አዎ፣ ጥቂቶች ይኖሩበታል። እኛ አገልጋዮች ውሸት በሆነ ማስፈራሪያ ወጣቶችን ልንመልስ አይገባም። እውነቱን ሲያገኙት የቀረውንም ቃላችንን አያምኑትም።

ኑሮው ግን ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። ልጁ የተጫወተበትን ሰዓት፣ ያገኘውንና የከሰረውን ሁሉ መዝግቦ ይዟል፤ አንድ ሐሙስ ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየኝ። በጠቅላላው አትርፏል። ነገር ግን መሐል ላይ አራት ወር ሙሉ የከሰረበት ጊዜ ነበር። ያኔ አጨዋወቱ አልተበላሸም፤ ካርታው ብቻ እምቢ አለው። ትርፉን ለሰዓቱ ስናካፍለው እናቱ አልጋ አንጥፈው በሰዓት ከሚያገኙት ብዙም አልራቀም። እናቱ ግን የጤና መድን አላቸው፣ ጡረታ አላቸው፣ ሌሊትም ይተኛሉ።

ሌላም ነገረኝ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት ትልልቆቹን የፖከር ድረ ገጾች በአንድ ቀን ዘጋ፤ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በአንድ ጀምበር ሥራ አጥ ሆኑ፣ ከአንደኛው ድረ ገጽ ገንዘባቸውን ለማስመለስ ዓመታት የጠበቁም ብዙ ናቸው። በ2017 ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም አራት የታወቁ ተጫዋቾችን አሸነፈ፤ በ2019 ደግሞ ፕሉሪበስ የተባለው ስድስት በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ባለሙያዎቹን ረታ። ዛሬ በስክሪኑ ወዲያ ማዶ የተቀመጠው ሰው ይሁን ማሽን በምን ይታወቃል?

ይህን ሁሉ ስሰማ «በቃ፣ መልሱን አገኘሁ፤ አደገኛ ነው እለዋለሁ» ብዬ ነበር። ግን አልሆነልኝም። ገበሬም ዝናቡን ሳያውቅ ይዘራል፤ ነጋዴም ሳያውቅ ዕቃ ያስጭናል። ነገ የማይታወቅ መሆኑ ብቻውን ኃጢአት አይደለም።

መልሱ የመጣው እሱ ራሱ ካስረዳኝ ቀላል ሒሳብ ነው። ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ዶላር ይዘው ቢቀመጡ ጠረጴዛው ላይ ያለው 600 ነው። የፈለጉትን ያህል በብልሃት ቢጫወቱ 601 አይሆንም። ቤቱ ድርሻውን ስለሚቆርጥ እንዲያውም ይቀንሳል። አንዱ 250 ይዞ ከተነሣ 150ው የመጣው ከሌሎቹ ኪስ ነው፤ በምትኩም ምንም አልተቀበሉም። ገበሬው ሲሳካለት ጎረቤቱ ይጠግባል። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን የአንዱ ትርፍ ሁልጊዜ የሌላው ጉድለት ነው።

«ታዲያ ዋናው ሙያ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ካርታው አይደለም፣ ፓስተር። ጠረጴዛ መምረጥ ነው። ደካማ ተጫዋች ያለበትን ፈልጎ እዚያ መቀመጥ። እኛ ዓሣ እንለዋለን።»

«ዓሣውን በምን ታውቀዋለህ?»

«ሲሸነፍ ይናደዳል። የጠፋበትን ለመመለስ ይጨምራል። መነሣት ሲገባው አይነሣም። ሌሊት ላይ ይበዛሉ።»

ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ያን ሰው አውቀዋለሁና።

እ.ኤ.አ. በ2003 ከሥነ መለኮት ኮሌጅ የተመረቅኩበትን ዲፕሎማ ይዤ በዚህች ከተማ ታክሲ እነዳ ነበር። በዚያው ዓመት ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት በ86 ዶላር የጀመረውን ጨዋታ እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ ቢኒየንስ ሆርስሹ ካዚኖ ድረስ ዘልቆ 839 ሰዎች የተወዳደሩበትን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ፤ 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ወንበሬ የሚቀመጠው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር 8,773 ደረሰ። ስለ አሸናፊው ሁሉም ያወራል፤ 838ቱን የሚያነሣ አልነበረም።

አንድ ሌሊት አንድ ሰው ከካዚኖ ደጃፍ አሳፈርኩ። ቤቱ ወሰድኩት፤ «ጠብቀኝ» ብሎ ገባና ፖስታ ይዞ ወጣ። መለስኩት። ሊነጋ ሲል እዚያው ደጃፍ አገኘሁት፤ እንደገና ቤት፣ እንደገና ወደ ካዚኖ። በሁለተኛው ጊዜ «ይህ የቤት ኪራይ ነው» አለኝ፣ እኔ ሳልጠይቀው። ምናልባት «ተው» የሚለው ሰው ይፈልግ ነበር። እኔ ግን በመስታወቱ አየሁትና ወደ ፊት ነዳሁ። ሒሳቡ ጥሩ ነበር፤ ቲፕም ሰጥቶኛል። ወንጌል ልስበክ ብዬ የተማርኩ ሰው፣ ጎረቤቴ ሲሰጥም እያየሁ ሒሳቤን ቆጠርኩ። ከቤት ስወጣ «ጌታ ሆይ፣ ጥሩ ተሳፋሪ ስጠኝ» ብዬ ጸልዬ ነበር። ጸሎቴ የተመለሰ መስሎኝ አመስግኜ ተኛሁ።

ይህን ለልጁ ነገርኩት። ከዚያም ጠየቅኩት፦ «ያ ሰው ዛሬ ማታ አንተ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ትጸልይለታለህ?»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እንዲነሣ ከጸለይኩ እኔ ኪራይ አልከፍልም» አለ በመጨረሻ።

ወገኖቼ፣ እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። አንድ ሥራ ለክርስቲያን የሚሆን መሆኑን መፈተኛው እዚህ ያለ ይመስለኛል። እንጀራዬ የሚገኘው ጎረቤቴ ሲሳሳት፣ ሲናደድና መነሣት ሲያቅተው ከሆነ፣ እሱን እንደ ራሴ ልወደው አልችልም። ብወደው እራባለሁ። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ የሚሰርቀውን ሰው መስረቅህን ተው ብሎ ብቻ አያልፍም፤ በእጁ መልካም ነገር እንዲሠራና ለተቸገረው እንዲያካፍል ይመክረዋል (ኤፌ. 4፥28)። ልጁን ሌባ አላልኩትም፤ የተቀመጡት ፈቅደው ነው። ነገር ግን ከመልካሙ ሥራ ሳያልፍ ወደ ማካፈሉ ሊዘልል ፈልጎ ነበር። ጌታ ባስተማረን ጸሎትም የምንለምነው ስለ «እንጀራችን» ነው። የጎረቤቴም ድርሻ ያለበትን እንጀራ እየለመንኩ፣ ሌሊቱን ከእሱ ገበታ ላይ ላነሣው አልችልም።

የእናቱንም ነገር መለስኩለት። «እናትህ አልጋ ሲያነጥፉ የደከመው ይተኛል። ቁማርተኛው ተነሥቶ ወደ ልጆቹ ቢሄድ እናትህ ደስ ይላቸዋል፤ አልጋውንም በሰላም ያነጥፋሉ። አንተ ግን ያን መመኘት አትችልም።» ሆኖም ገንዘቡ ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዳ አልካድኩትም። ካርታ የምታድሉ ወንድሞችና እህቶች ይህን ስታነቡ «የኛስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የእናንተን ጥያቄ በአንድ ጽሑፍ አልዘጋውም። ሐሙስ ቀን ወንበር አለ፤ ኑ።

ፖስታውስ? ስለ እሱ ስጸልይ የካህናት አለቆች ትዝ አሉኝ። ይሁዳ የወረወረው ሠላሳ ብር ወደ ቤተ መቅደሱ ግምጃ ቤት እንዳይገባ ተጠነቀቁ፤ ተጸጽቶ የመጣውን ሰው ግን የራስህ ጉዳይ ብለው ሰደዱት (ማቴ. 27፥3-7)። ሣጥኑን ንጹሕ አድርገው ሰውየውን ጣሉት። እኔም ያን ላደርግ ነበር። ስለዚህ መሳቢያውን ከፍቼ ፖስታውን መለስኩለት፤ «ገንዘቡን አልቀበልም፤ አንተን ግን አልለቅህም» አልኩት። ሐሙሱም ቀጠለ።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን «ሰው ሥራ ሲጀምር እንደሚጸልይ ከጨዋታ በፊት ልጸልይ ሞከርኩ፤ አፌ አልከፈት አለኝ» አለኝ። አሁን የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ይማራል። በዚህ በረሃ አንድ ማቀዝቀዣ ሲጠግን ባለቤቱ ይበርድለታል፣ እሱም ይከፈለዋል፤ ሁለቱም አግኝተው ይለያያሉ። የፖከር ሒሳቡን ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም። አንዳንድ ሌሊት ይመለስበታል፤ ሐሙስ ሲመጣ ይነግረኛል። ድል ሆነ ብዬ ምስክርነት አልሰጥም፤ እየተጓዝን ነው።

በአገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ «ፖከር ለኛ ሩቅ ነው» አትበሉ። በስልካችሁና በየሰፈሩ ያለው የስፖርት ውርርድ የዚሁ ዘመድ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፤ እዚያ ስሌቱን የሚሠራው አወራራጁ ራሱ ነውና። ወላጆቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ ነበር። ከዚህ መውጣት ያቃተህ ወንድም ወይም እህት ካለህ አታፍር፤ ብቻህን አትሁን። ለአንድ ለምታምነው ሰው ተናገር። በውጭ አገር የምትኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በሎስ አንጀለስ የተጀመረው ጋምብለርስ አኖኒመስ ከቁማር መላቀቅ የሚፈልጉ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ኅብረት ነው፤ ወደዚያ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም።

እስቲ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ራሳችንን እንጠይቅ፦ እንጀራዬን የማገኝበት ሰው መልካም እንዲሆንለት ከልቤ መጸለይ እችላለሁ?

ጌታ ሆይ፣ በመስታወት አይቼው ዝም ያልኩትን ሰው ዛሬ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ። ማረኝ፤ እሱንም አስበው። ልጆቻችን መልካም የሚሠሩበት እጅ፣ የሚያካፍሉት እንጀራ ስጣቸው። በየሌሊቱ መነሣት ያቃተውን አንተ እጁን ይዘህ አንሣው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።