ምርቃት ለማን ይሰጣል?

«ምርቃት» የምትባለዋ ቃል ሆደ ሰፊ ናት። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲባርክ ምርቃት ነው። ልጅ ጥቁር ካባ ደርቦ ፎቶ ሲነሳም ምርቃት ነው («ምረቃ በሉ እንጂ» የሚሉ የሰዋስው ሰዎች አሉ፤ ሰሚ ግን የላቸውም)። በርጫ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ዐይኑ በርቶ የአገሩን ችግር ሁሉ በግማሽ ሰዓት መፍታት ሲጀምርም ከዚያችው ቤት በወጣች ቃል «መረቀነ» ይባላል። የኔ ጉዳይ ግን ከሌላዋ ጋር ነው። ነጋዴዋ ጤፉን በጣሳ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ዘግና አናቱ ላይ ጣል የምታደርጋት ነገር አለች አይደል? እሷ ናት።

«መርቂልኝ እንጂ!» ትላለች ገዢዋ። «መረቅሁልሽኮ! ከዚህ በላይ ምን ልሁን?» ትላለች ሻጯ። ይህን ምልልስ ሳይሰማ ያደገ አበሻ ያለ አይመስለኝም።

እናቴ ለበርበሬ አንድ፣ ለቅመም ሌላ፣ ለቅቤ ደግሞ ሌላ ደንበኛ ነበራት። ይቺም ቃል ከነውበቷ ትታይልኝ። «ደንበኛ» ስንል ገዢውም ደንበኛ ነው፣ ሻጩም ደንበኛ ነው፤ ሁለቱም ደንብ አለባቸው ማለት ነው። ታዲያ የበርበሬዋ ሴትዮ እፍኝ ሲሳሳ እናቴ አትጨቃጨቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሴትዮዋ ፊት ለፊት አልፋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰላምታ ሰጥታ፣ ከጎኗ ካለችው ዘንድ ቁጭ ትልና በርበሬውን እያነሳች ታሸታለች። መግዛቷ እንኳ ግዴታ አልነበረም። በሦስተኛው ቅዳሜ እፍኙ ይመለሳል።

ዛሬ ምርቃት ስሟን ቀይራ «ፕሮሞሽን» ተብላለች። የለስላሳው ቆርኪ ሥር ቁጥር አለ። ባንኩ «ይቆጥቡ፣ ይሸለሙ» ይላል፤ ከውጭ የተላከልዎትን ገንዘብ በእኔ በኩል ቢቀበሉ መኪና አለ ይላል። ሌሊት ሊያንቀላፉ ሲሉ ስልክዎ ትንጫጫለች፤ የታመመ ዘመድ መስሎዎት ዘለው ቢያዩ «እንኳን ደስ አለዎት! ዕድልዎን ለመሞከር...» የሚል ባለ አራት አኃዝ ቁጥር። ድርጅቱ ዕጣ ለማውጣት የብሔራዊ ሎተሪን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በዕድል ንግድ ላይ የቆየው ይኸው መሥሪያ ቤት ነውና።

የድሮዋ እፍኝ በዐይን ትታያለች፤ ከማን ቁና ወጥታ ወደ ማን ዘንቢል እንደገባች ሁለታችንም እናያለን። የዛሬዋ ግን ከመቶ ሺህ ሰው ትንሽ ትንሽ ዘግና ለአንዱ መኪና ትሰጣለች፤ የቀረው ተስፋውን ይዞ ቆርኪ ይፍቃል። ነገሩ ሲበላሽም እንዲሁ በጅምላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ፔፕሲ ፊሊፒንስ ውስጥ በቆርኪ ሥር ቁጥር አትሞ፣ ለከፍተኛው ባለዕድል 1 ሚሊዮን ፔሶ እንደሚሰጥ አወጀ። አንድ ምሽት በቴሌቪዥን 349 ቁጥር ወጣ። ያ ቁጥር ግን በስሕተት በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ቆርኪዎች ላይ ታትሞ ኖሯል። ድሀው ሁሉ ባንድ ሌሊት ሚሊየነር ሆኖ አደረ፤ ጠዋት ላይ ተመልሶ ድሀ ሆነ። ኩባንያው ለየባለቆርኪው 500 ፔሶ ላስታርቅ ቢል ብዙዎች እምቢ አሉ፤ የጭነት መኪኖች ተቃጠሉ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ።

መቼም በዕጣ ላይ የማያማርር የለም። እኔ ግን ከዕጣው ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሁሉ ምርቃት የሚሰጠው ለማን ነው? ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ ሽንፋ ናት።

በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ማስተማሩን ሳልተው፣ የቀድሞ ተማሪዬ «ሰሊጥ ሲታጨድ አይተህ አታውቅም» ብሎ ወደ አጎቱ እርሻ ወሰደኝ። ከጎንደር በአይከል አድርጎ ቆላውን ወርዶ ገንዳ ውሃ፣ ከዚያ ወደ ሽንፋ። ደጋ ያደገ ሰው እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያወልቀው ሹራቡን ነው፤ ቀጥሎ ትዕቢቱን። ከተማዋ ስሟን ከወንዙ ተጋርታለች። ወንዙ ድንበር ሲሻገር ሱዳኖች ራሃድ ይሉታል፤ ወርዶ ወርዶ ዓባይን ይገናኛል። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ለውጭ ገበያ የምናቀርበው ዋና ነገር ነበርና፣ የዶላሩ አንድ ምንጭ ያ ጥቁር መሬት ነው።

ሰሊጥ ክፉ ጠባይ አለው። ሲደርስ ፍሬው የተቀመጠበት ክብ ከአናቱ ይከፈታል፤ በቀናት ውስጥ ካልታጨደና በሂላ ካልተከመረ የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ጌታው ባለመሬቱ አይደለም፤ ማጭድ የያዘው ነው። ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሌላም ቦታ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ባገሬው አጠራር ሳሉግ የሚባለው፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ባለ እርሻዎች ሲጫረቱበት ያዳምጣል። «የኛ ቤት ቡናው ሦስት ጊዜ ነው!» ይላል አንዱ። «በሳምንት ፍየል ይታረዳል!» ይላል ሌላው። «መኪናው እርሻው ድረስ ያደርሳል፣ ይመልሳልም!» ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ «ፍየሏን መጀመሪያ እንያት» ሲል ሁሉም ሳቀ። ፍየሏ መጣች፤ ታየች።

የተማሪዬ አጎት በሁኔታው እየተገረሙም እየተናደዱም ነበር። «ጳጉሜን ላይ፣ አረሙ ካለቀ በኋላ፣ እነሱ እኔን ሲለምኑኝ ነበር። ዛሬ እኔ እለምናቸዋለሁ። አንቱ የተማሩ ነዎት፤ ይኼ ምን ይባላል?» አሉኝ። የተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ዝም አልኩ።

አጨዳው አልቆ ሠራተኛው ገንዘቡን ይዞ ከተማ ሲገባ ጨረታው እንደ አዲስ ይጀመራል። አሁን የሚያባብሉት ባለሱቆቹ፣ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ሻይ ቤቶቹና ጠላ ቤቶቹ ናቸው። ሁሉም ያውቃል፤ ይህ ሰው አውቶቡስ እስኪሳፈር ድረስ ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። እኔ ባረፍኩበት አጠገብ የነበረችው ባለሱቅ ለአንድ ሠራተኛ ሬዲዮ ስትሸጥ አየኋት። የባትሪ ድንጋይ መረቀችለት። ብርድ ልብስም አየት አየት ሲያደርግ «እሱን ከወሰድክ ሳሙና ከኔ ነው የኔ ወንድም» አለችው። ወሰደ። ሲወጣም ለእናቱ ብላ ከረሜላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው። እናቱን አታውቃቸውም።

እሱ እንደወጣ ጎረቤቷ ገባች። ስኳር ፈለገች። ባለሱቋ ሚዛኑን አስተካክላ፣ አንድ ኪሎዋ ስትሞላ እጇን ሰበሰበች፤ አንዲት ቅንጣት አልጨመረችም። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር ደብተር አውጥታ ጻፈች። ዱቤ ነው። ሴትዮዋ አመስግና ወጣች።

«ለእሷስ አይመርቁላትም እንዴ?» አልኳት ባለሱቋን።

«አይ ጋሼ! እሷማ የት ትሄዳለች?»

በክፋት አልተናገረችውም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች የማለት ያህል ነው። ሴትዮዋ ደብተሩ ላይ አለች። የሌላ ሱቅ ደጃፍ ብትረግጥ «መጀመሪያ የዛኛውን ክፈይ» ትባላለች። የሚመረቅለት መሄድ የሚችለው ነው። የማይሄደውማ ቀድሞም በእጅ ነው፤ ለምን ይባክንበታል?

ከዚያ ወዲህ የማየው ሁሉ ይህችን የባለሱቋን አንድ ዐረፍተ ነገር ያስታውሰኛል። የስልካችንን ነገር ውሰዱ። ቴሌ ብቻውን በነበረባቸው ዓመታት ስለ ምርቃት ያወራ ነበር? ቀፎ ተይዞ ሲም ካርድ የሚለመንበት ዘመን ነበር። ግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ዘርፉን ከፊል ወደ ግል እንደሚያዞር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኢትዮ ቴሌኮም የድምፅ ጥሪ ዋጋን 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ ቀነሰ። ሌላም ምክንያት ይኖረዋል፤ አልከራከርም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ግን በመንገዱ ሁሉ ቦነሱ፣ ነፃ ደቂቃው፣ የሌሊት ጥቅሉ እንደ ሐምሌ ዶፍ ወረደ። እኛ ያው እኛ ነን፤ የተለወጠው የምንሄድበት ማግኘታችን ብቻ ነው።

አየር መንገዶች ነጥብ የሚያጠራቅሙለትም ሰው እንዲሁ ነው። የአሜሪካው አሜሪካን ኤርላይንስ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀምር ያነጣጠረው አዘውትሮ በሚበረው ነጋዴ ላይ ነበር፤ ያ ሰው ነገ ሌላ አውሮፕላን ሊመርጥ ይችላላ! በአምስት ዓመት አንዴ ለልቅሶ የምትሳፈረዋን ሴትዮ ነጥብ ምን ይሠራላታል?

ወደ ሰሊጡ ልመለስ፤ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው። ሱዳኖች «ሸይል» የሚሉት አሠራር አላቸው። ነጋዴው በክረምት፣ ገበሬው እጅ ባጠረው ጊዜ፣ ገንዘብ ይሰጥና በመከር ምርቱን አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ይወስዳል። በኛም በኩል ነገሩ በየስሙ አለ። ነጋዴውን ጅብ አድርጎ መሣል ይቀላል፤ እኔ ግን አልሥለውም። ያ ገንዘብ ባይኖር አረሙ ሰሊጡን ይውጠዋል፣ ሠራተኛው እህል አይቀምስም፤ ያለ ዋስትና የሚያበድር ባንክ ደግሞ ገበሬው አላየም። ነጋዴው በክረምት ደርሶለታል። ሲመጣም ስኳርና ቡና ይዞ፣ ልጆቹን በስም ጠርቶ ነው። ከምርቃት ሁሉ የሞቀው ይኼ ነው። ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። ጥቅምት ላይ ሚዛን ሲቆም ገበሬው የሱቋን ጎረቤት ሆኗል። የት ይሄዳል? ከረጢቱ ውስጥ ስንት ኪሎ እንዳለ በዐይኑ እያወቀ፣ «የከረጢቱ፣ የቆሻሻው» እየተባለ ሲቀነስበት ይቆማል። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። የምርት ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋጋው በሰሌዳ ላይ ይታያል፣ ሚዛኑም የሁሉም ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ሐሳቡ ሸጋ ነው። ሰሌዳውን ማንበብ የሚጠቅመው ግን ሰሊጡ ገና የራሱ ለሆነ ሰው ነው። በክረምት የሸጠውማ ዋጋ ጨመረ ቢባል ምኑ ነው?

ሽንፋን ደግሜ አላየኋትም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ጦርነት ውስጥ ገባች፤ የዚያኑ ዓመት ክረምት የክልሉ ግጭት ተነሣ፤ ያ መንገድ እንደ ድሮው እንደልብ የሚኬድበት አይደለም። ያ «ፍየሏን መጀመሪያ እንያት» ያለው ልጅ ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት አካባቢ ይሆነዋል። የት ይሆን ማጭዱን ይዞ የሚቆመው?

ባለፈው ሰሞን ሃያ ዓመት ገንዘቤን ያስቀመጥኩበት ባንክ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። በሩ ላይ ፊኛ ተሰቅሏል፤ አዲስ ሒሳብ ለሚከፍት ጃንጥላና የዕጣ ቁጥር ይሰጣል። ዝናብ ነበርና ጃንጥላዋን ወደድኳት።

«ልጄ፣ እኔስ?» አልኳት መስኮቱ ላይ ያለችውን።

ኮምፒዩተሯን አየች፤ ቁጥሬን አየች፤ ፈገግ አለች። «ውይ ጋሼ፣ ይሄ ለአዲስ ደንበኞች ነው። እርስዎማ ቤተሰብ ነዎት።»

ደጁ ላይ ጥግ ይዤ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የቆመ ወጣት አዲሷን ጃንጥላ ዘረጋና «ጋሼ፣ ይጠጉ» አለኝ። እስከ ታክሲ ተራው አብረን ሄድን። ሒሳብ የከፈተው ለጃንጥላዋ ሲል እንደሆነ ነገረኝ፤ ሌላ ሦስት ባንክም እንዲሁ አድርጓል።